ባለቤቱና ግሡ ሲጣሉ

በሰሜን ሸዋ ጣርማ በር ወረዳ እንግሊዝኛ የሚያስተምር አንድ የዘመድ ልጅ አለኝ። በቅርቡ ሲደውልልኝ ተማሪዎቹን ስለ አካባቢያቸው አንድ አንቀጽ አስጽፏቸው፣ ብዙዎቹ በአንድ ዓይነት ስህተት መውደቃቸውን አጫወተኝ። ጣልያን በወረራው ዘመን ስለ ሠራውና የደሴ መንገደኛ ሁሉ ስለሚያውቀው ዋሻ ሲጽፉ፣ «ዘ ተነል ቢልት ባይ ዚ ኢታሊያንስ አር ሎንግ» ይላሉ። «አር» የተባለው «ኢዝ» መባል ነበረበት። «ደንቡን በቃላቸው ይወጡታል፤ ሲጽፉ ግን ይስታሉ። ምን ይሻላል?» ነበር ጥያቄው።

እኔ ይህን ስህተት አዘውትሬ የማገኘው በተማሪ ደብተር ሳይሆን በውል ሰነዶች ላይ ነው። ዲግሪ የደራረቡ ባለሙያዎች በሚያረቅቋቸው የእንግሊዝኛ ውሎች፣ የጨረታ ሰነዶችና ቃለ ጉባኤዎች ውስጥ ሞልቷል። ስለዚህ የጣርማ በሩን ተማሪ ሰነፍ ከማለታችን በፊት ምክንያቱን ብንመረምር ይሻላል።

አማርኛ ተናጋሪ ግሥን ከባለቤቱ ማስማማት አያውቅም ማለት አይቻልም። በዚህ ረገድ የእኛ ቋንቋ ከእንግሊዝኛ ይልቅ ጥብቅ ነው። እሄዳለሁ፣ ትሄዳለህ፣ ትሄጃለሽ፣ ይሄዳል፣ ትሄዳለች፣ እንሄዳለን፣ ትሄዳላችሁ፣ ይሄዳሉ እንላለን፤ ባለቤቱ ባይጠራ እንኳ ከግሡ ይታወቃል። እንግሊዝኛ ለዚህ ሁሉ ያለው «ጎ» እና «ጎዝ» ብቻ ነው።

ታዲያ ስህተቱ ከየት መጣ? በዋናነት ከቃላት አሰላለፍ ነው። በአማርኛ ገላጩ ይቀድማል፣ ዋናው ስም ይከተላል። «ጣልያኖች የሠሩት ዋሻ ረጅም ነው» ስንል የሐረጉ የመጨረሻ ስም «ዋሻ» ነው፤ ግሡም የሚስማማው ከእርሱ ጋር ነው። በእንግሊዝኛ ግን ዋናው ስም ይቀድምና ገላጩ ይከተላል። ጣልያኖቹ በዋሻውና በግሡ መካከል ይገቡና የሐረጉን የመጨረሻ ስም እንደ ዋና ስም መቁጠር የለመደውን ጆሮ ያሳስቱታል። «የምስክሮች ዝርዝር ተያይዟል» ብሎ በአማርኛ የማይሳሳት ጠበቃ በእንግሊዝኛ «ዘ ሊስት ኦቭ ዊትነስስ አር አታችድ» የሚለው ለዚህ ነው። እንግሊዞቹ ራሳቸውም በዚህ ወጥመድ ይገባሉ፤ ለእኛ ግን የገዛ ቋንቋችን ልማድ ይጨመርበታል።

ሌሎችም ምክንያቶች አሉ። አንዱ አክብሮት ነው። «ዳኛው ወሰኑ» ስንል ሰውየው አንድ ነው፣ ግሡ ግን የብዙ ነው። ይህን ጨዋነት ይዘን ወደ እንግሊዝኛ ስንሻገር «ዘ ጃጅ ሀቭ ዲሳይድድ» ይወጣናል። ሁለተኛው የስሞች ጠባይ ነው። እኛ «ማስረጃዎች» እንላለን፤ የእንግሊዝኛው «ኤቪደንስ» ግን ብዙ ቁጥር አይወድም፣ ግሡም «ኢዝ» ነው። በአንጻሩ «ፖሊስ ያዘው» ስንል በነጠላ ነው፤ እንግሊዝኛው «ዘ ፖሊስ ሀቭ» ብሎ በብዙ ይሄዳል።

«ሐሳቡ ከገባን አንዲት ፊደል ምን ታመጣለች?» የሚል አንባቢ ይኖራል። አንድ ምሳሌ ልስጠው። በአንድ የሽያጭ ውል ገዢው ለፓምፑና ለጄነሬተሩ እንደሚከፍል ከተጻፈ በኋላ «ዊች ሀዝ ቢን ቴስትድ» የሚል ይከተላል እንበል። «ሀዝ» ነጠላ ስለሆነ መፈተሽ ያለበት ጄነሬተሩ ብቻ ነው። «ሀቭ» ቢሆን ኖሮ ፓምፑም ካልተፈተሸ ክፍያ የለም። አርቃቂው ሁለቱን እያቀያየረ የሚጽፍ ከሆነ ክርክሩ ተጀመረ ማለት ነው።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1733 የውሉ ቃል ግልጽ ከሆነ ዳኞች በትርጉም ሰበብ ከዚያ እንዳይወጡ ያዛል። የሚያጠራጥር ሲሆን ደግሞ በቁጥር 1738 መሠረት በመርህ ደረጃ የሚተረጎመው ግዴታ ለገባው ወገን በሚጠቅም መንገድ ነው። እዚህ ላይ ግዴታ የገባው ከፋዩ ነውና ሻጩ በአንድ ግሥ ምክንያት ገንዘቡን ሊያጣ ይችላል። በነጋሪት ጋዜጣ በሁለት ቋንቋ የሚወጣ ሕግ ልዩነት ቢገኝበት በአዋጅ ቁጥር 3/1987 የበላይ የሚሆነው አማርኛው ነው። በእንግሊዝኛ ብቻ የተፈረመ የግል ውል ግን የሚጠጋበት አማርኛ የለውም።

ግሥ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ለእኛ መንገር አያስፈልግም። ከጣርማ በር ዋሻ ወጥቶ ደሴን አልፎ የሚሄድ መንገደኛ ውጫሌን ያገኛል። በ1881 ዓ.ም. በዚያ የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው «ይቻላቸዋል» የሚለውን ጣልያንኛው ግዴታ አደረገው። ያ የመስማማት ሳይሆን የግሥ ፍቺ ጉዳይ ነበር፤ ፍጻሜው ግን በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ታየ።

ለዘመዴ የሰጠሁት ምክር ቀላል ነው። ተማሪዎቹ ግሡን ከመጻፋቸው በፊት «ማን?» ብለው ይጠይቁ፤ ከዋናው ስም ኋላ የመጣውን ገላጭ በጣታቸው ይሸፍኑና ቀሪውን ያንብቡ። «ዘ ተነል አር ሎንግ» የሚል ያን ጊዜ አይገኝም። ደንቡን በደረቁ ከማስሸምደድም ከአማርኛው ጋር እያነጻጸሩ ማስተማር ይበጃል። ውል የምናረቅ ሰዎችም ከመፈረማችን በፊት በየዓረፍተ ነገሩ ላይ ጣታችንን ብናሳርፍ አያዋርደንም።