«ቤቶች!» ሲሉት የማይመልስ ቺፕ

ሰኔ ሲጋመስ በባሕር ዳሩ ሹም አቦ ሰፈር ተከራይተው የሚኖሩ ተማሪዎች ክፍል መብራት እስከ እኩለ ሌሊት አይጠፋም። የመመረቂያ ፕሮጀክት ማስረከቢያ ደርሷል። ከነዚህ ክፍሎች አንዱ ውስጥ፣ ጠባብ ጠረጴዛ ላይ፣ ከክብሪት ቀፎ የማትበልጥ አርዱዊኖ ናኖ ቦርድ ተቀምጣለች እንበል። አጠገቧ የአፈር እርጥበት መለኪያና ማሳው ሲደርቅ ለገበሬው አጭር መልእክት የሚልክ የጂኤስኤም ሞጁል አሉ። የቦርዷ ቀይ መብራት በርቷል። ኮዱ ግን አልጫን ብሏል። ተማሪዋ ኮዱን ሦስት ጊዜ ከላይ እስከ ታች አነበበችው፣ የተዘለለ ሥርዓተ ነጥብ ፈለገች፣ አላገኘችም። በመጨረሻ ለጎረቤቷ የነገረችው አንድ ቃል ነው፦ «ተቃጠለ።»

ይህ ቃል ስንት ጤነኛ ቦርድ መሳቢያ ውስጥ አስቀርቷል! ኤሌክትሮኒክስ የተማረ ሰው ሁሉ ይህን የመሰለ ሌሊት ያውቃል። ባሕር ዳር ላይ ደግሞ ጉዳቱ ይከብዳል፤ ምትክ ቦርድ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከአዲስ አበባ፣ ከአባይ ማዶ ነውና። አውቶቡሱ እስኪደርስ የማስረከቢያው ቀን ያልፋል። ስለዚህ «ተቃጠለ» ከማለት በፊት ችግሩ የት እንዳለ ማወቅ ያዋጣል፤ ይህን ለማወቅ ደግሞ መጀመሪያ ቺፑ ውስጥ ምን እንዳለ ማየት ያስፈልጋል።

ማይክሮኮንትሮለር አንዲት ቺፕ ላይ ተጠቅልሎ የተሠራ ሙሉ ኮምፒውተር ነው። ናኖዋ ላይ ያለችው አትሜጋ328ፒ 32 ኪሎ ባይት ፍላሽና 2 ኪሎ ባይት ራም አላት። ራሙ መብራት ሲጠፋ የያዘውን ይረሳል። ፍላሹ ግን አይረሳም፤ ተጠቃሚው የጻፈው ኮድ የሚቀመጠውም እዚያ ነው። ፍላሹ ውስጥ እያንዳንዷ ሕዋስ ዙሪያዋን በማይመራ ስስ ንብርብር የታጠረች ደሴት አላት። ኤሌክትሮኖች በኃይል ወደ ደሴቷ ይገፋሉ፣ አጥሩም መልሶ አያስወጣቸውም። የታጎረውና ያልታጎረው ልዩነት አንድና ዜሮ ሆኖ ይነበባል። ይህን የታጠረ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1967 ያቀረቡት ዳዎን ካንግና ሳይመን ዚ ናቸው፤ ሁለቱም በአሜሪካው ቤል ላቦራቶሪ ይሠሩ ነበር። ፍላሽን ራሱን ደግሞ የቶሺባው ፉጂዮ ማሱኦካ እ.ኤ.አ. በ1984 ለዓለም አስተዋወቀ። ስሙን ያወጣው የሥራ ባልደረባው ሾጂ አሪዙሚ ነው፤ የሕዋሶቹ ይዘት ባንድ ጊዜ ሲሰረዝ የካሜራ ብልጭታን አስታወሰው። ከዚያ በፊት የተለመደው የሚሰረዝ የማስታወሻ ቺፕ አናቱ ላይ የመስታወት መስኮት ነበረው፤ የተጻፈበትን ለመሰረዝ በአልትራቫዮሌት ብርሃን ሥር ሃያ ደቂቃ ያህል ይቀመጥ ነበር። ዛሬ በሰከንዶች የሚያልቀው ሥራ ያን ጊዜ ቡና ተፈልቶ የሚጠጣበት ጊዜ ይወስድ ነበር ማለት ነው።

የአትሜጋ328ፒ አምራች ለፍላሹ የሰጠው ዋስትና 10,000 ጊዜ መጻፍና መሰረዝ ነው። በቀን ሃያ ጊዜ ኮድ የሚጭን ተማሪ ይህን ለመጨረስ 500 ቀን ይፈጅበታል። ስለዚህ ኮድ አልጫን ሲል ጥፋቱ የማስታወሻው መሆኑ እምብዛም ነው። ችግሩ ያለው ወደ ማስታወሻው በሚወስደው መንገድ ላይ ነው።

መንገዱን እንከተለው። ኮዱ ከላፕቶፑ ተነሥቶ በዩኤስቢ ገመድ ይሄዳል። ቦርዷ ላይ ሲደርስ አንዲት አስተርጓሚ ቺፕ ትቀበለዋለች፤ ርካሽ ቦርዶች ላይ ብዙ ጊዜ ሲኤች340 የምትባለው ናት። እሷ የዩኤስቢን ቋንቋ ትተረጉምና አንዱ መላኪያ፣ አንዱ መቀበያ በሆኑ ሁለት መስመሮች ለዋናዋ ቺፕ ታቀብላለች። ዋናዋ ቺፕ ውስጥ ቡትሎደር የተባለ ትንሽ ፕሮግራም ደጁን ይጠብቃል። የመጣውን ኮድ ተቀብሎ ፍላሹ ላይ የሚጽፈው እሱ ነው።

ቡትሎደሩ ያለ ሰላምታ አያስገባም። እንግዳ ደጃፍ ደርሶ «ቤቶች!» ሲል ከውስጥ «ደጆች!» እንደሚባለው ሁሉ፣ ላፕቶፑም መጀመሪያ ሁለት ባይት ይልካል። በኮምፒውተር አሥራ ስድስትዮሽ አቆጣጠር 30 እና 20 ናቸው። ቡትሎደሩ 14 እና 10 ብሎ ይመልሳል። ይህ ሲሰማ ብቻ ኮዱ መጓዝ ይጀምራል። ላፕቶፑ መልስ ካጣ እስከ አሥር ጊዜ ይጣራል፤ በአሥረኛው ተስፋ ቆርጦ «ኖት ኢን ሲንክ» የሚል ቀይ ጽሑፍ ያወጣል። ጽሑፉ ስለ ኮዱ አንዳች ነገር አላለም። የሚለው «ተጣራሁ፣ የሚመልስልኝ አጣሁ» ብቻ ነው። የዚያች ተማሪ ሦስት ጊዜ ማንበብ ከንቱ የሆነውም ለዚህ ነው።

ሁለት የስህተት ዓይነቶችን መለየት ግማሹን ሥራ ይጨርሳል። አንደኛው ላፕቶፑ ፖርቱን፣ ማለትም ቦርዷን የሚያገኝበትን በር፣ ጭራሽ ሲያጣው ነው። የፖርቶች ዝርዝር ባዶ ነው፣ ወይም ቦርዷ ብትሰካም ብትነቀልም ዝርዝሩ አይለወጥም። ይህ ሲሆን እንግዳው ገና ደጃፍ አልደረሰም፤ ዋናዋን ቺፕ መጠርጠር አይገባም። ሁለተኛው ፖርቱ እያለ መልስ ሲጠፋ ነው። ያኔ መንገዱ ቢያንስ እስከ አስተርጓሚዋ ድረስ ክፍት ነው።

ፖርት ሲጠፋ ቀድሞ የሚጠረጠረው ገመዱ ነው። ተራ የዩኤስቢ ገመድ ሲከፈት አራት ቀጫጭን ሽቦዎች ይወጣሉ፦ ቀይና ጥቁር ኃይል ያመጣሉ፣ አረንጓዴና ነጭ ዳታ ያመላልሳሉ። ከስልክ ቻርጀር ጋር የሚሸጡ አንዳንድ ርካሽ ገመዶች ግን ውስጣቸው ቀይና ጥቁር ብቻ ነው። ከውጭ ሲታዩ ልዩነት የላቸውም። ቦርዷ ላይ ሲሰኩ ቀዩ መብራት ቦግ ይላል፤ ሰውን የሚያዘናጋውም እሱ ነው። መብራቱ ኃይል መድረሱን እንጂ ዳታ ማለፉን አይናገርም። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ገመዱን ስልክና ላፕቶፕ መካከል መሰካትና የስልኩ ፎቶዎች ላፕቶፑ ላይ መከፈታቸውን ማየት።

ገመዱ ጤነኛ ሆኖ ፖርቱ ካልታየ ላፕቶፑን ከአስተርጓሚዋ ጋር የሚያስተዋውቀው ፕሮግራም፣ ድራይቨሩ፣ ይቀራል፤ ለሲኤች340 ሳይጫን የቀረ ድራይቨር የተለመደ ነው። በዚህ በኩል ተጠቃሚው ሳያጠፋ የተቀጣበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2014 ኤፍቲዲአይ የተባለው የአስተርጓሚ ቺፕ ኩባንያ በዊንዶውስ ማደሻ በኩል አዲስ ድራይቨር ለቀቀ። ድራይቨሩ በስሙ ተመሳስለው የተሠሩ ቺፖችን ሲያገኝ የመለያ ቁጥራቸውን ወደ ዜሮ ይለውጥ ነበር፤ ኮምፒውተሩም ከዚያ በኋላ አያውቃቸውም። ቁጣው ሲበረታ ኩባንያው ድራይቨሩን አነሣ። ቦርዱን በቅን ልቦና የገዛ ሰው ውስጡ ያለችው ቺፕ እውነተኛ ትሁን ተመሳሳይ በምን ያውቃል? ቅጣቱ ያረፈው ግን እሱ ላይ ነበር።

ወደ ሹም አቦዋ ክፍል እንመለስ። ጎረቤቷ ገባ፤ ከእሷ አንድ ዓመት ቀድሞ የተመረቀ ነው። «እኅቴ፣ ገመዱን ቀይረሽ አይተሻል?» ብሎ የራሱን አመጣ። ፖርቱ ወዲያው ታየ። ደስታው ግን አልቆየም፤ አሁን ደግሞ አሥር ጊዜ «ኖት ኢን ሲንክ» መጣ።

ናኖ ላይ ይህ ሲሆን መጀመሪያ የሚታዩት ዜሮና አንድ የሚል ቁጥር ያለባቸው ሁለት እግሮች ናቸው። አስተርጓሚዋ ከዋናዋ ቺፕ ጋር የምትነጋገረው በነዚህ በኩል ነው። ጂኤስኤም ወይም ብሉቱዝ ሞጁል እዚያው ላይ ከተሰካ ላፕቶፑ «ቤቶች!» ሲል ሞጁሉም በዚያው መስመር ያወራል፤ ሁለት ሰው ባንድ አፍ እንደ መናገር ነው። የተማሪዋም ሞጁል ሽቦዎች እዚያው ነበሩ። ነቀለቻቸው፣ እንደገና ሞከረች፣ አሁንም እንቢ አለ።

«ከቦርዷ ምርጫዎች ኦልድ ቡትሎደር የሚለውን ምረጪና እስቲ ሞክሪ» አላት። የቀድሞዎቹ ናኖዎች ቡትሎደር በሰከንድ 57,600 ቢት ይሰማል፣ አዲሱ 115,200። ርካሽ ቦርዶች ላይ የሚጫነው ብዙ ጊዜ የቀድሞው ነው። ላፕቶፑ በእጥፍ ፍጥነት ሲጣራ ቡትሎደሩ ቃሉን አይለይም፣ ስለዚህ ዝም ይላል። ምርጫው ሲለወጥ ሁለቱ ትናንሽ መብራቶች እየተፈራረቁ ብልጭ ድርግም አሉ፤ ኮዱ ገባ።

ያም ባይሠራ ኖሮ የሚቀር አንድ ጥሩ ፈተና ነበር። ሪሴት የሚለው እግር ከግራውንድ ጋር በሽቦ ሲያያዝ ዋናዋ ቺፕ ታርፋለች። ዜሮና አንድ በሌላ ሽቦ ይገናኛሉ። ከዚያ ላፕቶፑ ከቦርዷ ጋር ጽሑፍ በሚለዋወጥበት ሴሪያል ሞኒተር ላይ አንድ ፊደል ይላካል። ፊደሉ ተመልሶ ከመጣ ላፕቶፑም፣ ገመዱም፣ ድራይቨሩም፣ አስተርጓሚዋም ደህና ናቸው ማለት ነው። ገደል ላይ ጮኾ የገዛ ድምፅን መልሶ እንደ መስማት ያለ ነው፤ ጥርጣሬው ከዚያ በኋላ ዋናዋ ቺፕና ሪሴቷ ላይ ብቻ ያርፋል። ቡትሎደሩ የሚያዳምጠው ቺፗ ከተነሣች በኋላ ለአጭር ጊዜ ነው፣ አንዳንዱ ለአንድ ሰከንድ ያህል። ቦርዷ ላይ ያለች 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር ላፕቶፑ ሲጣራ ቺፗን በትክክለኛው ቅጽበት ታስነሣለች። ካፓሲተሯ ከተበላሸች ሰው በጣቱ የሪሴት ቁልፏን በጊዜው መጫን ይኖርበታል።

እስካሁን ያለው ስለ ናኖዋ ነው፤ ዋይፋይ ያላት ሌላዋ ማይክሮኮንትሮለር ኢኤስፒ32 ግን ደጇ ሌላ ነው። ስትነሣ ቁጥር ዜሮ እግሯን ትመለከታለች፤ ወደ ግራውንድ ከተሳበ ኮድ ለመቀበል ትዘጋጃለች፣ ካልተሳበ የድሮ ሥራዋን ትቀጥላለች። «ኮኔክቲንግ» ብሎ ነጥብ እየደረደረ ሲቀር ቡት የሚለውን ቁልፍ ተጭኖ መያዝ፣ ጽሑፉ ወደ መጻፍ ሲያልፍ መልቀቅ ነው። ሁልጊዜ መያዝ የሰለቸው ሰው ኤን ከሚለው እግርና ከግራውንድ መካከል 10 ማይክሮፋራድ ያህል ካፓሲተር ያስገባል፤ ብዙ ቦርድ ላይ ያ ብቻ ይበቃል።

ቡትሎደር የሌላት ባዶ ቺፕ ስትሆን ነገሩ ይጠልቃል፤ እዚህ የሚደርስ ተማሪ ግን ባሕር ዳር ላይ አይጠፋም። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ ከመነሻው ኤሌክትሪክ፣ ብረታ ብረትና ጨርቃ ጨርቅ ያስተማረ ቤት ነው። በ1992 ዓ.ም. ከመምህራን ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ግቢው ግን ዛሬም «ፖሊ» ነው። እንዲህ ያለ ቤት የሚማር ሰው ውሎ አድሮ የራሱን ሰርኪዩት መሥራቱና ባዶ ቺፕ ማዘጋጀቱ አይቀርም። ፕሮግራመር የተባለው መሣሪያ ያኔ ቺፗን በቀጥታ ያነጋግራል፣ ቅድሚያም ስሟን ይጠይቃል። አትሜጋ328ፒ ስሟ 1ኢ 95 0ኤፍ ነው። 1ኢ 95 14 ካለች እኅቷ አትሜጋ328 ናት፤ መስመሩ ደህና ነው፣ የተመረጠው ስም ተሳስቷል። ሁሉም ዜሮ ወይም ሁሉም ኤፍ ከመጣ ግን ማንም አልተናገረም፤ ሽቦ ተቋርጧል ወይም ተዘዋውሯል።

አዲስ ቺፕ ከፋብሪካ ስትወጣ በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ምት ነው የምትሠራው። ፕሮግራመሩ ከዚህ ሩብ በታች ሆኖ ካልተናገረ አትከተለውም፤ «ቀስ በል» ብሎ ማዘዝ ብቻ ስንት ቺፕ ያስነሣል። ከሁሉ የሚያስደነግጠው ፊውዝ የሚባለው ቅንብር ሲሳሳት ነው። ሰው በስህተት «ምትሽን ከውጭ ክሪስታል ውሰጂ» ብሎ ያዛታል፣ ክሪስታሉ ግን የለም። ልቧ ቆመ ማለት ነው፣ ለማንም አትመልስም። እሷም ቢሆን አልሞተችም። ከሌላ ጤነኛ አርዱዊኖ ፈጣን ምት በአንዲት ሽቦ ተወስዶ ክሪስታል መግቢያዋ ላይ ሲሰጣት ትነቃለች፣ ፊውዙም ይታረማል።

ባሕር ዳር መብራት የሚጠፋበት ከተማ ነውና፣ ኮድ በመጫን መሃል ኃይል ቢቋረጥስ ብሎ የሚጨነቅ ብዙ ነው። አትሜጋ ላይ ቡትሎደሩ በፍላሹ ጫፍ በራሱ ክፍል ይቀመጣል፤ ተራ ኮድ ሲጫን እሱ አይነካም። በግማሽ የቀረው የተጠቃሚው ኮድ ብቻ ነው፤ መብራት ሲመጣ እንደገና መጫን ነው።

የዚያች ተማሪ ናኖ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት አለፍ ሲል መሥራት ጀመረች። ከእርጥበት መለኪያው የመጣው ቁጥር ላፕቶፑ ላይ ተራ በተራ ወረደ፤ የጂኤስኤሙ ሽቦዎችም ከዜሮና አንድ ተነሥተው ሌላ ቦታ ተሰኩ። የመጀመሪያው ገመድ አልተጣለም። ጫፉ ላይ ቀይ ክር ታሰረበትና ስልክ ቻርጅ ማድረጊያ ሆኖ አልጋው አጠገብ ተሰቀለ።