ወደ አንበሳው ቀስ በቀስ

በሀዲያ ዋና ከተማ በሆሳዕና ዙሪያ ባሉ መንደሮች የእንሰቱ ጓሮ ከቤቱ ግድግዳ ሥር ይጀምራል። ቀን ቀን ልጆች ይሯሯጡበታል፣ ይደበቁበታል። ሲመሽ ያው ጓሮ ይለወጣል። ሰፋፊው ቅጠል ነፋስ በነካው ቁጥር ይንኮሻኮሻል፤ ራቅ ብሎ ጅብ ይጮኻል። ሽንቱ የመጣበት የስድስት ዓመት ልጅ ደጃፉ ላይ ቆሞ እናቱን ይጣራል። «ምን አለና ነው? ሂድ!» ትለዋለች። እንቢ ብሎ ማልቀስ ከጀመረ ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣውን የማያውቅ ቤት ጥቂት ነው፦ «ዝም በል፣ አያ ጅቦ ይሰማሃል!»

የመጀመሪያው መልስ ፍርሃቱን ይክደዋል፣ ሁለተኛው ይጨምርበታል። ስለ ፍርሃት የሚጻፍ ጥሩ የልጆች የሥዕል መጽሐፍ ከሁለቱም ይሸሻል። የሚፈራውን ነገር ወረቀት ላይ አውጥቶ፣ ልጁ ባሰኘው ፍጥነት እንዲቀርበው ይተወዋል። ልጁ ገጹን መግለጥ ይችላል፤ ካልሆነለት መዝጋትም ይችላል። ጓሮው ይህን ዕድል አይሰጠውም።

የዘዴው ሥር ሩቅ አይደለም። በኢትዮጵያ መልኩን እየቀያየረ የሚነገር የአንበሳ ተረት አለ። አንዲት ሴት እናቱ የሞተችበትን የእንጀራ ልጇን ብታባብለው አልቀርብ ይላታል። መላ ፍለጋ ወደ አዋቂ ስትሄድ «የአንበሳ ጢም አምጪ» ይላታል። ሴትየዋ ሥጋ ይዛ ትሄዳለች። በመጀመሪያው ቀን ከሩቅ ወርውራ ትሮጣለች፤ በማግስቱ ጥቂት ትጠጋለች። ቀን በቀን ርቀቱ እያጠረ፣ አንበሳውም እየለመዳት ሄዶ በመጨረሻ ሥጋውን ከእጇ ሲበላ ጢሙን ነጭታ ትመለሳለች። አዋቂው ግን መድኃኒት አይቀምምላትም። አንበሳውን እንደቀረብሽው ልጁንም እንዲሁ ቅረቢው ብሎ ያሰናብታታል።

ተረቱ የሚነገረው ስለ ትዕግሥት ነው ተብሎ ነው። ሥነ ልቦና ያጠና ሰው ሲሰማው ግን ሌላም ነገር ያይበታል። በ1924 እ.ኤ.አ. ሜሪ ከቨር ጆንስ የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ፣ ጥንቸል የሚፈራ ፒተር የተባለ ሕፃን ታሪክ ጽፋ አሳተመች። ሕፃኑ የሚወደውን ምግብ እየበላ ጥንቸሉ በሽቦ ቤቱ ውስጥ ሆኖ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ እንዲጠጋ ይደረግ ነበር። በመጨረሻ ፒተር ጥንቸሉ ጣቱን ሲነካካለት ዝም ብሎ የሚያይ ልጅ ሆነ። በተረቱ የበላው አንበሳው ነው፣ በጆንስ ጥናት ደግሞ ፈሪው። አካሄዱ ግን አንድ ነው፤ ማንም ማንንም አልገፋም።

ሌላው ተረት የሆሳዕናን ጎረቤት የጉራጌን ስም ያነሳል። ሃሮልድ ኮርላንደርና ዎልፍ ሌስላው በ1950 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የኢትዮጵያ ተረቶች ስብስብ ውስጥ፣ ከጉራጌ የመጣ አርሃ የተባለ አገልጋይ ከጌታው ጋር ተወራርዶ በብርድ ተራራ አናት ላይ ራቁቱን ያድራል። አንድ ሽማግሌ ከማዶ እሳት ሊያነድለት ቃል ገብቶለታል። እሳቱ ሩቅ ነው፣ አያሞቀውም። ለእሱ ሲል ሌሊቱን ሙሉ የሚያነድ ሰው እንዳለ ማወቁ ግን ያሳድረዋል።

ሁለቱንም ተረቶች ወደ ሥዕል መጽሐፍ ያመጣቻቸው በሕፃንነቷ ወደ ኢትዮጵያ መጥታ ማጂ ያደገችው አሜሪካዊት ደራሲ ጄን ኩርትዝ ናት። የተራራው እሳት በኢ. ቢ. ሉዊስ የውኃ ቀለም ሥዕሎች በ1994፣ የአንበሳው ደግሞ በፍሎይድ ኩፐር ሥዕሎች በ1995 እ.ኤ.አ. ወጣ። በሁለተኛው ኩርትዝ አንድ ብልህ ለውጥ አድርጋለች። አንበሳውን የምትቀርበው እንጀራ እናቷን ለመላመድ የምትጓጓ አልማዝ የተባለች ልጅ ናት፤ መካሪዋም አያቷ ናቸው። በተረቱ ድፍረት የሚጠየቀው ከትልቅ ሰው ነበር። በመጽሐፉ ደፋሯ ራሷ ሕፃኗ ሆናለች፤ ለልጅ አንባቢ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

ከባሕር ማዶ በዚህ ዘርፍ ስሙ የሚጠራው የሞሪስ ሴንዳክ የ1963 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ነው፤ ማክስ የተባለ አስቸጋሪ ልጅ አውሬዎች ወዳሉበት አገር ሄዶ ይነግሥባቸዋል። ብልሃቱ ያለው በሥዕሎቹ መጠን ላይ ነው። መጀመሪያ ላይ ሥዕሉ በሰፊ ነጭ ወረቀት መሃል ትንሽ ሆኖ ይታያል። ማክስ ወደ አውሬዎቹ በቀረበ ቁጥር እየሰፋ ይሄድና ሁለት ገጽ ሙሉ ይሞላል፤ ጭፈራው ሲደምቅ ቃል እንኳ ይጠፋል። ወደ ቤቱ ሲመለስ ደግሞ ሥዕሉ ይጠባል። ፍርሃት የሚያድገውና የሚቀንሰው በልጁ ዓይን ፊት ነው። መጽሐፉ ሲወጣ ሕፃናትን ያስደነግጣል ብለው የተቃወሙ ዐዋቂዎች ነበሩ፤ ልጆቹ ግን ደጋግመው አነበቡት።

ይህ ዓይነቱ መጽሐፍ ግን እንዳለ ተተርጉሞ ሆሳዕና ቢገባ አንድ ነገር ይጎድለዋል። በአውሮፓና በአሜሪካ የልጆች መጻሕፍት ቁም ሣጥን ውስጥ ያለው ጭራቅ የለም፤ መብራት ሲበራ ነገሩ ያበቃል። በሀዲያና በከምባታ ገጠር ጅቡ አለ። ጅብ ደግ ጓደኛ ነው የሚል መጽሐፍ ለእነዚህ ልጆች ውሸት ይነግራቸዋል፤ ምናልባትም ይጎዳቸዋል። የአንበሳው ተረት የሚሻለው እዚህ ላይ ነው። ሴትየዋ ጢሙን ይዛ ስትመለስ አንበሳው ያው አንበሳ ነው። የተለወጠው የእሷ አካሄድ ነው። ለሆሳዕና ልጅ የሚጻፍ የጅብ መጽሐፍም ፋኖስ መያዝን፣ ታላቅን ጠርቶ አብሮ መውጣትን፣ የእንሰት ቅጠል ኮሽታን ከእውነተኛ አደጋ መለየትን ቢያሳይ ከሺህ «አትፍራ» ይበልጣል።

መጽሐፉ የት ይገኛል የሚለው ሌላ ጣጣ ነው። በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ይሠራ የነበረው ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በአማርኛ የልጆች መጽሐፍ ፈልጎ በማጣቱ ከኩርትዝ ጋር ሆኖ «ኢትዮጵያ ሪድስ» የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። የሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት በ2003 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ። በሐዋሳ መጻሕፍት በአህያ ጋሪ ዞሩ፤ በከምባታ ገጠር ደግሞ ፈረስ ሥራውን ተረከበ።

ቋንቋውስ? የሀዲያ ሕዝብ ቋንቋ ሀዲይሳ ዛሬ በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚነበበው በላቲን ፊደል ነው። በአሜሪካ ተራድኦ ድርጅት ድጋፍ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተካሄደው የንባብ ፕሮጀክት የመማሪያ መጻሕፍት ከተዘጋጁባቸው ሰባት ቋንቋዎች አንዱም ነበር። ይሁን እንጂ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረውና ኋላ ላይ 15 ቋንቋዎችን ያቀፈው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሀዲይሳንም ከምባቲሳንም ያስነበበው በግዕዝ ፊደል ነበር። ስለዚህ በዚያ ዘመን በቋንቋቸው ማንበብ የለመዱ አያት የልጅ ልጃቸውን መጽሐፍ ሲገልጡ በገዛ ቋንቋቸው ፊደሉ ባዕድ ይሆንባቸዋል። ሥዕሉ ግን ባዕድ አይሆንም። አያት ጅቡን በጣታቸው እያሳዩ ጽሑፉ ያላለውን ሁሉ ሊጨምሩበት፣ ልጁም ቃሉን ሊያነብላቸው ይችላል። ማታ ማታ ተረት ከሚነገርበት ቤት ይህ አዲስ ነገር አይጠይቅም።

መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በ1981 እ.ኤ.አ. በከፈተችው የሆሳዕና መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት ላሉ ልጆች ደግሞ ጨለማ ሌላ ትርጉም አለው። መብራት ሲጠፋ የሚሰማ ልጅ እናቱን ይጣራል፣ ድምፅዋን ይሰማል። በምልክት ቋንቋ የሚናገር ልጅ ግን እጆቹም የእሷም እጆች ስለማይታዩ ከመንገዱ ጋር ንግግሩንም ያጣል። ለእንዲህ ያለ ልጅ ስለ ጨለማ የሚተርክ መጽሐፍ ሲነበብ አነባበቡ ይለያል። መጽሐፉ ይዘረጋል፤ ልጁ ሥዕሉን እስኪጠግብ ይጠበቃል። ከዚያ አንባቢው ፊት ለፊት ተቀምጦ በሁለት እጁ ይተርክለታል፣ ቀጥሎም ገጹን ይገልጣል። ጊዜ ይወስዳል፤ አንድ መጽሐፍ ለማለቅ ሁለት ቀን ቢፈጅ የሚያሳስብ አይደለም።