የኩዌት ትእዛዝ ለያማሃ

የኩዌትን የ«ሰውት» ዘፈን በዑድ የሰማ ሰው ያንኑ ዜማ በተራ ኪቦርድ ላይ ቢፈልገው ያጣዋል። ኪቦርዱ ኦክታቩን ለ12 እኩል ስለሚከፍለው በሁለት ቁልፎች መካከል የሚያርፈው ሩብ ድምፅ ማረፊያ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣውና የተለያዩ ኩባንያዎችን ኪቦርዶች ያግባባው ሚዲም የተቀረጸው በዚሁ በ12ቱ ልማድ ነው።

መፍትሔው በሐሳብ ደረጃ ቀላል ነው፤ ለምሳሌ «ሚ» እና «ሲ»ን በ50 ሴንት፣ ማለትም በግማሽ ድምፅ እኩሌታ፣ ዝቅ ማድረግ። ከባዱ ወጪው ነው። ቅኝቱን በአንድ ንክኪ የሚቀይር ቁልፍ፣ የደርቡካ ምት፣ የዑድና የቃኑን ድምፅ ይጨመር ሲባል መሐንዲስ፣ ተጫዋችና ስቱዲዮ ያስፈልጋል፤ ወጪው በብዙ ሺህ መሣሪያ ላይ ካልተከፋፈለ ዋጋው አይቀመስም። የኩዌት ሕዝብ ከነስደተኛው 5 ሚሊዮን ገደማ ነው። ስለዚህ ያማሃ «ፒኤስአር-ኤ» የተባሉትን ኪቦርዶች የሠራው ለአንዲት አገር አይደለም፤ ሰፊውን የአረብ ገበያ አስቦ ነው።

ኩዌት ግን ከጃፓን ፋብሪካ ጋር መደራደርን ቀድማ ታውቀዋለች። መሐመድ አል ሻሪኽ እ.ኤ.አ. በ1982 «አል አላሚያ» የተባለውን ኩባንያ አቋቁሞ «ሳኽር» የተሰኘውን አረብኛ የሚጽፍና የሚያነብ የቤት ኮምፒውተር ለገበያ አበቃ። ኩዌት ውስጥ የኮምፒውተር ፋብሪካ አልገነባም። ኤምኤስኤክስ የተባለው የጋራ ደረጃ በ1983 ይፋ ሲሆን በዚያው ላይ አረብኛውን አስገባ፤ ከሞዴሎቹ አንዳንዶቹን የሠራለት ፒያኖና ኪቦርድ ሠሪው ያማሃ ነው። በዚህ ደረጃ የተሠሩ ኮምፒውተሮች ሦስት ድምፅ በአንድ ጊዜ የሚያወጣ ቺፕ ስለነበራቸው፣ ብዙ የአረብ ልጅ ኤሌክትሮኒክ ዜማን የሰማው ከፊደሉ ጋር ነው።

ነሐሴ 2 ቀን 1990 እ.ኤ.አ. የኢራቅ ጦር ኩዌትን ወረረ። ኩባንያው ሥራውን ወደ ካይሮ አሸሽቶ በኋላ በሶፍትዌር ላይ አተኮረ፤ ማይክሮሶፍትም ዊንዶውስን በአረብኛ አወጣ። የትንሽ ገበያ ሠሪ ዕጣ እንዲህ ነው፤ መንገዱን ይጠርጋል፣ ግዙፉ ይሄድበታል። ሆኖም አል ሻሪኽን የከሰረ ሰው አልለውም። በ2021 የንጉሥ ፋይሰልን ሽልማት ተቀብሏል፤ በ2024 እስኪያርፍም ለአረብኛ ቋንቋ ሠርቷል።

ይህን የምጽፈው የእኛን ቅኝቶች እያሰብኩ ነው። ኃይሉ መርጊያ በ1985 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮንን ከሲንተሳይዘር ጋር አዋሕዷል። ሙላቱ አስታጥቄ ኤምአይቲ ውስጥ ዘመናዊ ክራር እንዲሠራ አማክሯል። የአንቺሆዬን ልክ ከባለ ክራሩ ጣት ሥር ለክቶ፣ የከበሮውን ምት በሥርዓት ቀርጾ «ይህንን ሥሩልን፣ ይህን ያህል እንገዛለን» ብሎ ለፋብሪካ የሚያቀርብ ነጋዴ ግን ያስፈልገናል። ኪቦርድ የምታስመጡ ወገኖቼ፣ ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መምህራን ጋር ተቀምጣችሁ ያንን ትእዛዝ ጻፉ።