የተማሪዎች ፊልምና የመሥሪያ ቤታችን በር

ለክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፤

በዚህ የአንባብያን ዓምድ ስለ ውሃና ስለ መብራት፤ ስለ መንገድና ስለ ታክሲ ሰልፍ ብዙ ተጽፏል። እኔ ዛሬ የማነሣው ግን እምብዛም ያልተነሣ ነገር ነው፤ ይኸውም ተማሪዎች ለትምህርታቸው ስለሚሠሩት አጭር ፊልም ነው። ነገሩ የልጆች ጨዋታ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር እስከ መጨረሻው እንዲታገሠኝ በትሕትና እለምናለሁ። ፊልሙ የተነሣው በመሥሪያ ቤት ውስጥ ነውና ጉዳዩ ለእኛ ለመንግሥት ሠራተኞች የቀረበ ነው።

እኔ ቀን ቀን በአንድ መሥሪያ ቤት በጽሕፈት ሥራ እያገለገልሁ ማታ ማታ ስለ መገናኛ ብዙኃን የሚሰጠውን ትምህርት እከታተላለሁ። በ2016 ዓ.ም. መምህራችን አምስት አምስት እየሆንን አጭር ፊልም እንድንሠራ አዘዙን። ትእዛዛቸውም ሦስት ነበር፤ ፊልሙ ከ7 ደቂቃ እንዳይበልጥ፤ ከአንድ ግቢ እንዳይወጣ፤ ከውጭ ሆኖ የሚተርክ ድምፅም እንዳይኖረው። «ተመልካቹ የሚያየውን እናንተ አትንገሩት» አሉን። እኛም አምስታችን የቀን ሠራተኞች ስለ ሆንን የምናውቀውን ነገር ለመሥራት ተስማማን፤ አንድ ማመልከቻ በመዝገብ ቤት ከገባበት ሰዓት ጀምሮ መልስ እስከሚያገኝ ድረስ የሚሄድበትን መንገድ ለማሳየት ወሰንን።

ብዙ ሰው ፊልም ሲባል ፍቅርና ጠብ ያለበት ረጅም ታሪክ ብቻ ይመስለዋል። አጀማመሩ ግን እንዲህ አልነበረም። ሉሚየር የተባሉት ሁለት ፈረንሳውያን ወንድማማቾች ዲሴምበር 28 ቀን 1895 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ከተማ ገንዘብ ለከፈለ ተመልካች ካሳዩአቸው ዐሥር አጫጭር ፊልሞች አንዱ፤ ሠራተኞች ከፋብሪካ በር ሲወጡ የሚያሳይ ነበር። ርዝመቱም አንድ ደቂቃ አይሞላም። እንግዲህ ሲኒማ ገና ሲወለድ የቀረጸው ከሥራ የሚወጣ ሠራተኛን ነው ማለት ነው። በአገራችንም ሕዝቡ የመጀመሪያውን የሲኒማ ማሳያ «ሰይጣን ቤት» ብሎ እንደ ጠራው የሚታወቅ ነው። ኋላ ግን በ1957 ዓ.ም. «ሂሩት አባቷ ማን ነው» የተባለው ባለ ጥቁርና ነጭ ፊልም በአማርኛ ተሠርቶ ታየ። በሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የፊልም ጥበብ የተማሩት ኃይሌ ገሪማም በ1976 እ.ኤ.አ. ስለ ገበሬው ኑሮ የሠሩትን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በዓለም ፊት አቀረቡ። ያ ፊልም የተነሣው በ16 ሚሊ ሜትር ጥሬ ፊልም ነው። ዛሬ ግን በኪሳችን የያዝነው ስልክ ለእንዲህ ያለው የትምህርት ሥራ ይበቃል። ስለዚህ አሁን የጐደለው መሣሪያ ሳይሆን ሌላ ነገር ነው።

የጐደለውን ነገር ያየነው ገና ከበሩ ላይ ነው። ከትምህርት ቤታችን የትብብር ደብዳቤ ይዘን ስሙን ወደማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት ሄድን። ደብዳቤው በገቢ መዝገብ ተመዘገበ፤ ከዚያም ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ሲዘዋወር 17 የሥራ ቀን ፈጀ። እምቢ ያለን ሰው ግን አልነበረም። ሁሉም በመልካም ፊት «ይህ የእኔን ክፍል አይመለከትም» ይለን ነበር፤ ተማሪ ፊልም ላንሣ ብሎ ሲመጣ ማን እንደሚፈቅድለት የሚናገር መመሪያ በእጃቸው አልነበረምና። በመጨረሻ የክፍሉ ኀላፊ ራሳቸው በድፍረት ፈረሙልን፤ ስለዚህም አመሰግናቸዋለሁ።

ሥራውን ስንጀምር መጀመሪያ ያስቸገረን የመብራት ነገር ነው። በአገራችን የኤሌክትሪክ ኃይል በሴኮንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ በየቢሮው ጣሪያ የተሰቀለው አሮጌ ፍሎረሰንት በሴኮንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። የሰው ዐይን ይህን አያየውም፤ ካሜራ ግን ያየዋል፤ በሥዕሉም ላይ ጥቁር ሰንበር እየሠራ ይወርዳል። መድኀኒቱ በሴኮንድ 25 ሥዕል እያነሡ የካሜራውን መዝጊያ በሴኮንድ አንድ ሃምሳኛ ላይ መወሰን ነው። እንግዲህ ለ7 ደቂቃ 10,500 ሥዕል ያስፈልጋል ማለት ነው። ሁለተኛው ነገር ድምፅ ነው። ባዶ ክፍል እንኳ የራሱ ድምፅ ስላለው ማንም ሳይናገር አንድ ደቂቃ ሙሉ የክፍሉን ዝምታ ቀድተን ያዝን፤ ኋላ ሥዕሎቹ ሲቀጣጠሉ ስፌቱን የሚሸፍነው ይህ ነውና። ከጓደኞቻችን አንዱ የታወቀ ዘፋኝ ዜማ እናስገባበት ቢልም፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን መብት ስለሚጠብቅ ሳናስፈቅድ አናደርገውም ብለን የማኅተሙን ምትና የወረቀቱን ድምፅ ብቻ ተውን። ይህም በቂ ሆኖ ተገኘ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። በቀረጻው በሁለተኛው ቀን በኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ አንዲት አሮጊት እናት ተቀምጠው አየን። የሟች ባለቤታቸውን የጡረታ አበል ጉዳይ ለመከታተል ከሩቅ አገር የመጡ ናቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው፤ ወረቀቶቻቸውን በላስቲክ ጠቅልለው፤ በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ከእኛ አንዱ «ሳያዩን ከሩቅ እናንሣቸው፤ ካወቁ ፊታቸው ይለወጣል» አለ። አስተማሪዋ ጓደኛችን ግን «እናትህ ቢሆኑ ታደርገዋለህን?» ብላ ጠየቀችው፤ መልስም አልሰጠ። ቀርበን እጅ ነሥተን የመጣንበትን ብንነግራቸው ጥቂት ዝም አሉና፤ «ልጆቼ፤ እኔን ብታነሡኝ ምን ይረባችኋል? ይልቅስ ጉዳዬን አንሡልኝ» አሉን።

ይህ ቃል ከሁላችንም ልብ ገባ። ፊታቸው እንዳይታይ፤ እጃቸውና ወረቀታቸው ብቻ እንዲነሣ ተስማምተው ፈቀዱልን። ከዚያም የእርሳቸውን ማመልከቻ ሰዓት እየያዝን ተከተልነው። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ጋሼ፤ ከመደርደሪያው ሺህ ማኅደር መካከል የእርሳቸውን በ4 ደቂቃ አውጥተው አቀረቡ። እኒህ ሰው በወሩ መጨረሻ ጡረታ የሚወጡ ናቸው። የትኛው ማኅደር በየትኛው ረድፍ እንዳለ ግን በእርሳቸው ጭንቅላት እንጂ በሌላ ቦታ አልተጻፈም። ከዚያ በኋላ ግን ማኅደሩ «ይታይ» የሚል አንድ ፊርማ ሲጠብቅ ከ3 ሰዓት በላይ በጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ፤ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ ተተኪም አልተወከለም። እናትም ያን ሁሉ ሰዓት ከወንበሩ አልተነሡም።

ፊልሙ ተቀናብሮ ባለቀ ጊዜ በቃላችን መሠረት አስቀድመን ለክፍሉ ኀላፊ አሳየናቸው። «የወንበሩን ክፍል አውጡት፤ መሥሪያ ቤቱን ያሳማል» አሉን። እኛም ተጨነቅን። ብናወጣው ፊልሙ የመዝገብ ቤት ማስታወቂያ ሊሆን ነው፤ ባናወጣው ደግሞ የፈቀዱልንን ሰው ማስቀየም ነው፤ ለሚቀጥለውም ተማሪ በሩ ሊዘጋ ይችላል። በመጨረሻ ታላቃችን የሆነው የባንክ ሠራተኛ «ጌታዬ፤ ፊልሙ ማንንም አልሰደበም፤ አራቱን ደቂቃም ሦስቱን ሰዓትም እኩል አሳይቷል። አንዱን ብናወጣ ሌላውም ሐሰት ይሆናል» አላቸው። እርሳቸውም እንደገና እንድናሳያቸው ጠየቁ። ከጨረሱ በኋላ «የኔ ሠራተኛ በ4 ደቂቃ ማውጣቱን አላውቅም ነበር፤ ይሁን ተዉት» አሉ። በስብሰባ ቀን የሚፈርም ሰው እንደሚወክሉም ነገሩን። የእናትም ጉዳይ በዚያው ሳምንት አለቀ፤ በፊልሙ ምክንያት ነው ለማለት ግን አልደፍርም።

ክቡራን አንባብያን፤ ከዚህ ተነሥቼ ሦስት አሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፤ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ተማሪ ለትምህርት ፊልም ሲጠይቅ ማን በስንት ቀን መልስ እንደሚሰጥ በአንድ ገጽ ቢወስን መልካም ነው። ምሥጢር ያለበት ክፍል ቢከለከል ማንም አይቃወምም፤ ግን ክልከላውም ቢሆን በጊዜ ይነገር። ሁለተኛ፤ ተማሪዎችም ካሜራቸውን ከማውጣታቸው በፊት ባለጉዳዩን ያስፈቅዱ። ችግረኛ ሰው ስለ ተቀመጠ ብቻ የማንም ሥዕል አይደለም። ሦስተኛ፤ እነዚህ ፊልሞች ማርክ ከተሰጠባቸው በኋላ በአንድ ሰው ስልክ ውስጥ ቀርተው እንዳይጠፉ ትምህርት ቤቶች ቀኑንና ቦታውን መዝግበው ያኑሩአቸው። በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል የተባለው ለወረቀት ብቻ አይደለም። የዚያ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ አሁን በጡረታ ላይ ናቸው፤ ማኅደሩን እንዴት እንደሚያወጡና ረድፎቹን እንዴት እንደሚቈጥሩ የቀረው በእኛ ፊልም ውስጥ 50 ሴኮንድ ያህል ብቻ ነው። አዲሱ መዝገብ ያዥም ያንን ለማየት ፊልሙን ከእኛ ወስዷል።

መቼም ካሜራ ሲመጣ ወንበር ማስተካከልና ከረባት ማሰር የሁላችንም ልማድ ነው፤ አይነቀፍም። ነገር ግን ተማሪው የመጣው እኛን ለማሣቅ ወይም ለመክሰስ ሳይሆን ሥራ እንዴት እንደሚሠራ ለመማር መሆኑን ዐውቀን በሩን ብንከፍትለት፤ እርሱም ይማራል፤ እኛም በየቀኑ የምናልፍበትን ኮሪደር በባለጉዳዩ በኩል ሆነን ለማየት እንችላለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
አንድ የማታ ተማሪ
ከአዲስ አበባ