«ቴ» እና «ቲ» በቡና ጆንያ ላይ

(ምስል፦ ሚዛን ተፈሪ፣ ከዝናብ በኋላ። ድምፅ፦ ባጃጆች፣ የገበያ ጫጫታ።)

ተራኪ፦ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ምዕራብ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘን ሚዛን ተፈሪ ደርሰናል። መንገድ ዳር የተሰቀሉትን ጽሑፎች ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። አንዳንዱ ሱቅ ስሙን በብሩሽ አስጽፏል፤ ጎረቤቱ ባነር አሳትሟል። የብሩሹን ዝናብ አደብዝዞታል፤ የጻፈው ሰው እጅ ግን አሁንም ይታወቃል። ባነሩ ጎንደርም ሐዋሳም ቢሰቀል ያው ነው። የዛሬው ፕሮግራማችን ያንን የእጅ ጽሑፍ ይከተላል፤ ከሱቅ ሰሌዳ ወርዶ ወደ ቡና ጆንያ፣ ወደ ማር ጠርሙስና ወደ ጀበና ሲሄድ ምን እንደሚገጥመው ያሳያል።

(ምስል፦ በአልጋ ላይ የተሰጣ ቡና።)

ተራኪ፦ አካባቢው የስም ድሃ አይደለም። ቴፒና በበቃ በሰፋፊ የቡና እርሻዎቻቸው ይታወቃሉ። የጌሻ ዘር ደግሞ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ከዚህ አካባቢ ደን ተሰብስቦ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በኮስታሪካ አድርጎ ፓናማ ገባ። በ2004 እ.ኤ.አ. እዚያው በተካሄደ የቡና ውድድር አሸንፎ ዓለም አወቀው። እንዲህ ያለ ስም በእጅ ጽሑፍ ቢወጣ ያምርበታል። ችግሩ ፊደሉ ላይ ነው።

በላቲን ፊደል የእጅ ጽሑፍ የሚመስል ፎንት እንደ አሸዋ ነው። ትንሹንና ትልቁን ጨምሮ 52 ፊደል የሣለ ሰው ዋናውን ሥራ ጨርሷል። የእኛ ግን 33 ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ነው፤ እነ «ቋ» እና «ኳ»፣ አኃዞችና ነጥቦች ገና አልተቆጠሩም። በዚያ ላይ ሰው በእጁ ሲጽፍ ሁለት «ለ» አንድ ዓይነት አይወጣለትም። ፎንቱ ግን ያንኑ «ለ» ይደጋግመዋል፤ ደንበኛው ወዲያው ይነቃል። ጎበዝ ፎንት ሠሪ ለአንዱ ፊደል ሁለት ሦስት መልክ ሥሎ ፎንቱ እንዲያፈራርቃቸው ያደርጋል። ሥራው የትየለሌ ስለሆነ ብዙዎች አይደፍሩትም።

(ምስል፦ የመቃ ብዕር፣ ብራና፣ ቀይና ጥቁር ቀለም።)

ተራኪ፦ መነሻ ግን አላጣንም። ቁም ጸሐፊው ጫፉ በተቆረጠ መቃ ሲጽፍ ወፍራሙና ቀጭኑ መሥመር ከብዕሩ አያያዝ ይመጣል። በጎንደር ዘመን ብራና ላይ የሚታየው ወፍራም አጣጣል ጉልህ ይባላል፤ ቀጭኑ ደግሞ ረቂቅ። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ በኋላ እነ ኒያላና አቢሲኒካ የተባሉት ፎንቶች የዚያን ብዕር ጠባይ ወደ ኮምፒውተር ለማምጣት ሞክረዋል። አቢሲኒካ በነፃ ይገኛል፤ ማንም የማር አምራች ማኅበር ለፎንቱ ሳይከፍል ስቲከሩ ላይ ሊያሳትመው ይችላል።

(ምስል፦ በስቴንስል ቀለም የሚቀባ የቃጫ ጆንያ።)

ተራኪ፦ አሁን ወደ ጆንያው እንመለስ። «ቴፒ» የሚለውን ቃል ተመልከቱ። «ቴ» ኃምስ ናት፤ እግሯ ላይ ትንሽ ቀለበት አላት። ሣልሷ «ቲ» ግን ያላት ጭረት ብቻ ነው። ቃጫው ሻካራ ነው፤ ቀለሙ ይንሰራፋል፤ ቀለበቷም ትደፈናለች። ስቴንስል ሲሆን ይብሳል፤ ካርቶኑ ሲቆረጥ የቀለበቷ ውስጥ ተቆርጦ ይወድቃል፤ የሚታተመው ድፍን ነጥብ ነው። ከሩቅ ለሚያነብ ሰው ቴፒ «ቲፒ» ሆነች ማለት ነው። ጌሻም «ጊሻ» ትሆናለች፣ ቤንችም «ቢንች»። እንደ ዕጣ ሆኖ የዚህ አገር ስመ ጥር ቦታዎች ኃምስ ይወዳሉ!

ስለዚህ ውብ የሆነው ሁሉ ለጆንያ አይሆንም። ለጆንያ ጉልሁ ይሻላል፤ ቀለበቱ ሰፋ ብሎ፣ ስቴንስሉ ላይ መሐሉን የሚይዝ ሥሥ ማያያዣ ተትቶለት። ረቂቁ ለማር ጠርሙስ ወረቀት ይመቻል። ጀበና ላይ ደግሞ ጭቃው ሳይደርቅ በሹል እንጨት መጫር ነው፤ እዚያ ፎንት ምን ይሠራል? ሸክላ ሠሪዋ በገዛ እጇ ትጻፈው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። የዚሁ አካባቢ የቤንች ቋንቋ ከ2008 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። አንድ ከረጢት ላይ አማርኛውና ቤንችኛው ጎን ለጎን ሲወጡ አማርኛው በመቃ የተጻፈ፣ ላቲኑ ከሠርግ ጥሪ ካርድ የተቀዳ መምሰል የለበትም። ሁለቱንም አንድ እጅ፣ በአንድ ብዕር ቢጽፋቸው ይዋደዳሉ።

ክብደቱ፣ የተቆላበት ቀንና የአምራቹ አድራሻ ግን በተራ የኅትመት ፊደል ይሁኑ። በእጅ ጽሑፍ አምሮ የማይነበብ ቀን ገዢን ያስቀይማል እንጂ አይስብም።

(ምስል፦ ብሩሽ የያዘ እጅ፣ ያላለቀ ሰሌዳ።)

ተራኪ፦ በሚዛን፣ በቴፒና በማሻ ቡናና ማር የምታሽጉ ወገኖች፣ ለቀጣዩ ማሸጊያ ፎንት ከመፈለጋችሁ በፊት በከተማችሁ ያለውን ሰሌዳ ጻፊ ወይም ቁም ጸሐፊ አነጋግሩ። የምርታችሁን ስም አሥር ጊዜ ይጻፍላችሁ፣ ከአሥሩ ምረጡ፣ ዋጋውን ክፈሉት፣ ማሸጊያው ጀርባ ላይም የጸሐፊውን ስም አውጡለት። ኅትመት ከማዘዛችሁ በፊትም አንዱን ቃጫ ላይ ሞክራችሁ ከአሥር እርምጃ ርቀት አንብቡት።