የአውሮፕላን ኮፈን ከጭስ ማውጫ ሙቀት እንዴት ይጠበቃል?

አውሮፕላን በቤቱ ጋራዥ የሚሠራ ሰው አለ ሲባል ቀልድ የሚመስለው አንባቢ ይኖራል። በአሜሪካ ግን እንዲህ ያሉ ሠሪዎች ከ1953 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ጀምሮ ማኅበር አላቸው፤ በኦሬጎን የተመሠረተው ቫንስ ኩባንያ ለገጣጣሚዎች ካዘጋጃቸው «አርቪ» ከተባሉት አውሮፕላኖች እንኳ ከ10,000 በላይ ተገጥመው በረዋል።

የአርቪ ገላ አሉሚኒየም ሲሆን የሞተሩ ኮፈን ግን ከፋይበር ግላስና ከኤፖክሲ ሙጫ የተሠራ ነው። ጣጣውም የሚመጣው ከዚህ ነው። ከሲሊንደሩ የሚወጣው ጭስ ከ700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል፤ በክፍል ሙቀት የደረቀ ኤፖክሲ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ውኃ ከሚፈላበት ሙቀት በታች መለስለስ ይጀምራል። የጭስ ማውጫ ቱቦዎቹ የሚያልፉት ከታችኛው ኮፈን አጠገብ ነውና መጀመሪያ ቀለሙ ያብጣል፣ ቀጥሎ ሙጫው ይጠቁራል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው በአየር ላይ እሳት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ኮፈኑን ይበልጥ የሚጎዳው የሞቀው አየር ሳይሆን ጨረሩ ነው። ከምድጃ ፊት የተቀመጠ ሰው ጉልበቱ ሲለበለብ ሰፌድ ቢጋርድበት ወዲያው እፎይ ይላል፤ የቤቱ አየር ግን አልቀዘቀዘም። ጨረሩ ደግሞ ከቱቦው ሙቀት ይልቅ እጅግ ፈጥኖ ያድጋል፤ 327 ዲግሪ የነበረው ቱቦ 627 ቢደርስ ጨረሩ አምስት እጥፍ ይሆናል።

እንግዲህ ሥራው ሰፌድ መሥራት ነው። ከማይዝግ ብረት የተቆረጠ ስስ ላሜራ በቱቦው ልክ ይጎብጥና በፋሼታ ይታሰራል፤ ነገር ግን አየር በመካከሉ እንዲያልፍ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ክፍተት ይተውለታል። በኮፈኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ደግሞ የሚያብረቀርቅ የአሉሚኒየም ቅጠል ይለጠፋል። ቅጠሉ ንጹሕ ሲሆን ከጨረሩ አብዛኛውን ይመልሳል፤ ጥላሸትና ዘይት ከለበሰ ግን ጨረሩን ይውጣል፤ ስለዚህ መወልወል አለበት። ከሥሩ የሴራሚክ ፋይበር የሚያነጥፉም አሉ፤ ጠርዙ በሚገባ ካልታሸገ ፋይበሩ ዘይት ጠጥቶ የኩራዝ ክር ይሆናል።

ቱቦውን ራሱን በጨርቅ መጠቅለል ቀላል መስሎ ይታያል። እኔ ግን አልመክረውም፤ የታፈነው ብረት ከልክ በላይ ይግላል፣ ሲሰነጠቅም ስንጥቁ ከዓይን ይሰወራል፤ በስንጥቁ የሚያመልጠው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታ የለውም።

አውሮፕላኑ ካረፈ በኋላ ነፋሱ ይቆማል፣ ቱቦው ግን ገና ግሏል፤ ሙቀቱም ወደ ላይኛው ኮፈን ይወጣል። ልማድ ያላቸው አብራሪዎች ሞተሩን እንዳጠፉ የዘይት መለኪያውን መዝጊያ ከፍተው ሙቀቱን ያስወጣሉ።