ለቆጡ መብራት ስንስብ

በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤቶች ከተወረሱ ወዲህ በአዲስ አበባ የቀበሌ ቤቶች ቤተሰቡ ሲበዛ ግድግዳው ግን አልተገፋም። ወደ ጎን ማስፋት ያልቻለ ሰው ወደ ላይ ይሄዳል። ጥቂት ቋሚ፣ ጥቂት አጠናና ጣውላ፣ አንድ መሰላል፤ ቆጥ ማለት ይኸው ነው። ለእኛ ለሙስሊሞች ደግሞ ከጥበቱ ሌላ ምክንያት አለን። ልጆች አሥር ዓመት ሲሞላቸው መኝታቸው እንዲለይ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አዘዋል። አንድ ክፍል ብቻ ያላት እናት ይህን ትእዛዝ የምትፈጽመው ወንዶቹን ወደ ቆጡ በመስደድ ነው።

ታዲያ ልጁ ሲወጣ መብራቱ አብሮት አይወጣም። አምፖሉ የተሰቀለው ከቆጡ በታች ነው። ልጁ ከመግሪብ በኋላ ሒፍዙን ሊከልስ ወይም የሂሳብ የቤት ሥራውን ሊሠራ ሲያስብ ወይ ሻማ ይለኩሳል፣ ወይ ከታች ካለው ዲቫይደር ቀጭን ገመድ ስቦ ከራስጌው አምፖል ያንጠለጥላል። ደብተር የምናርም መምህራን የሻማ ጠብታ የፈሰሰበትን ገጽ እናውቀዋለን። ከሁለቱ ግን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ገመዱ ነው። ሻማው እሳት መሆኑን ሁሉም ስለሚያውቅ ይጠነቀቁታል። ገመዱን የሚጠረጥረው የለም።

በመዲና አንድ ቤት ሌሊት ከነሰዎቹ በተቃጠለ ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እሳት ጠላት መሆኑን ተናግረው በመኝታ ሰዓት እንዲጠፋ ማዘዛቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። በሌላ ዘገባ ምክንያቱም ተጠቅሷል፤ አይጥ የመብራቱን ክር ጎትታ ቤተሰቡን ልታቃጥል ትችላለች። ኢማም አን-ነወዊ የሙስሊምን ሐዲስ ሲያብራሩ በመስጊድ ስለሚሰቀሉ ቀንዲሎች አንሥተዋል። ቃጠሎ የሚያሰጉ ከሆነ ትእዛዙ ይመለከታቸዋል፤ ስጋቱ ከሌለ ግን ምክንያቱ ስለተነሣ ችግር የለውም ብለዋል። ፈትዋ መስጠት የኔ ሥራ አይደለም። ሆኖም ኤሌክትሪክ ነበልባል ስለሌለው ብቻ ስጋቱ ተወግዷል የሚል ሰው ወደ ቆጡ ወጥቶ ይመልከት። አይጧ ዛሬም እዚያው ናት። የምትጎትተው ክር ባይኖር የምትቆረጥመው ሽቦ አለ። ላስቲኩ ሲላጥ ሁለቱ መዳቦች ይገናኙና ብልጭታ ይፈጠራል፤ አጠገቡ ያለው ደግሞ የማዳበሪያ ኮርኒስ፣ የስፖንጅ ፍራሽና የደረቀ እንጨት ነው። በዚያ ላይ ቆጥ ከቆርቆሮው ሥር ነው። የተላጠ ሽቦ ጣሪያውን ከነካ ቆርቆሮው በሙሉ 220 ቮልት ሊሸከም ይችላል። ልጁ ከእንቅልፉ ሲነሣ እጁ የሚደርሰውም እዚያው ነው።

ይህን ስል ልጆቹ በጨለማ ይቀመጡ ማለቴ አይደለም። መብራቱ ይግባ፤ ግን በቋሚ መስመር ይግባ። ለመብራት 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ይበቃል፤ የራሱ 10 አምፔር ብሬከር ይኑረው። በየቤቱ የሚታየው ግን ከምጣዱ መስመር መቀጠል ነው። የእንጀራ ምጣድ ከ3 ሺህ ዋት በላይ ስለሚስብ ብሬከሩ ትልቅ ነው። ቀጭኑ ገመድ ግሎ ላስቲኩ ሲቀልጥ ያ ትልቅ ብሬከር ምንም እንዳልተፈጠረ ዝም ሊል ይችላል። ብሬከር የሚጠብቀው በልኩ የተመረጠለትን ሽቦ ነው እንጂ በኋላ የተቀጠለበትን ሁሉ አይደለም። ብዙ አባወራ «ብሬከር አለኝ» ብሎ የሚተኛው ይህን ሳያውቅ ነው።

ሽቦው በቱቦ ውስጥ ይለፍ። አይጥ ፕላስቲክ ስለምትበላ በምትመላለስበት በኩል የብረት ቱቦ ይሻላል፤ ብረቱም ከመሬት ሽቦ (ኧርዝ) ጋር ይያያዝ። መቀጠያው በናስትሮ ተጠቅልሎ ኮርኒስ ውስጥ ከሚደበቅ ክዳን ያለው ሳጥን ውስጥ ይግባ። አምፖሉ ከፍራሹና ከጨርቁ ርቆ በጠንካራ እንጨት ላይ ይታሰር። በ30 ሚሊ አምፔር ፍሳሽ የሚቆርጠውን መከላከያ መግዛት ለቻለ ከሁሉ በፊት እሱን ይግዛ።

የማጥፊያው ነገር ትንሽ ይመስላል፤ ግን አይደለም። ማጥፊያው መቁረጥ ያለበት ፌዙን ነው። ኒውትራሉን ከቆረጠ አምፖሉ ጠፍቶም ፖርታላምፓዳው ኃይል እንደያዘ ይቆያል፤ አምፖል ሊቀይር የወጣ ልጅ በዚህ ይያዛል። ከመሰላሉ ሥርና ከመኝታው አጠገብ፣ ከሁለቱም ቦታ የሚያበራና የሚያጠፋ ቢገጠም ደግሞ ልጁ በጨለማ መሰላል አይወጣም፤ ተኝቶም እጁን ዘርግቶ ያጠፋዋል። በመኝታ ሰዓት መብራት ማጥፋት ሱንና መሆኑን ነግረነው፣ ማጥፊያውን ግን ከታች በር ሥር ብንተውለት አይሆንም።

ሥራው የባለሙያ ነው። በሠፈር «ትንሽ ይሞክራል» የሚባል ጎረምሳ ከአንድ መስጊድ የድምፅ ማጉያ ጋር ይታገል እንጂ ልጆች በሚተኙበት ቆጥ ላይ አይሞክር።

የቀረው የቆጣሪው ጉዳይ ነው። በብዙ ግቢ አንድ ቆጣሪ ለብዙ ቤት ያገለግላል፤ ክፍያውም በአምፖል ቁጥር የሚከፋፈልበት አለ። በጸጥታ አንድ አምፖል ጨምሮ በድሮው ቁጥር መክፈል የጎረቤት ሐቅ መብላት ነው፤ ጎረቤቱ ሙስሊም ሆነ ክርስቲያን ልዩነት የለውም። በርግጥ ቁጥሩ ራሱ ፍትሐዊ አይደለም። 60 ሻማ የምንለው የድሮው አምፖል በቀን 4 ሰዓት ቢበራ በ30 ቀን 7.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል። ተቀራራቢ ብርሃን የሚሰጠው 9 ዋት ኤል.ኢ.ዲ. ግን 1 ኪሎ ዋት ሰዓት ከጥቂት ብቻ ነው። ሙቀቱም ያነሰ ስለሆነ ለቆጥ የሚስማማው እሱ ነው። ለቆጡ መስመር የሚያስገባ ቤተሰብ ሽቦውን ከመግዛቱ በፊት ለግቢው ሰው ይንገር፤ ስንት ዋት እንደሆነም አሳይቶ ድርሻውን አብሮ ይተምን።